ሊብሬ ያለው ቤት

ቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ቤት የደረሰው ሰው ቁልፉን እንደተረከበ ከቀለም ቀቢም ከቧንቧ ሠራተኛም አስቀድሞ የሚፈልገው አይሱዙ ነው። በ97 ተመዝግቦ ዕጣውን ሲጠባበቅ ፀጉሩ የሸበተ አባወራ፣ በተከራየባቸው ሰፈሮች ሁሉ ያጠራቀመውን ንብረት አንድ ጠዋት ካሶኒ ላይ ይቆልለዋል። ከታች ቡፌውና ፍሪጁ፤ ከላያቸው ሶፋው በጀርባው ተንጋሎ፤ በሶፋው እግሮች መካከል ሙቀጫው፤ ምጣዱ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፤ ከሁሉም በላይ ባዶው ሮቶ፤ ከሮቶው አጠገብ ደግሞ «ቴሌቪዥኑን አደራ» የተባለ የሚስት ወንድም። ይህ ሁሉ በጎሮ ወይም በአያት በኩል እየተወላገደ አራብሳ ሲደርስ ጫኝና አውራጆች ይቀበሉታል። የሚጠሩትን ዋጋ ሰምቶ «አይሱዙውንም ጨምራችሁ ነው?» ያላለ አዲስ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም።

ስለ ጫኝና አውራጅ ሌላ ቀን እንጫወታለን። የዛሬው ጉዳዬ ከዚያ ሁሉ ጓዝ ሥር ስላለው ብረት፣ ስለ ባሌስትራ ነው። ይበልጡንም ስለ ተጨማሪው ባሌስትራ።

ባዶውን የቆመ አይሱዙ አይታችሁ ከሆነ አፍንጫው ወደ መሬት፣ ኋላው ወደ ሰማይ ነው። ባለቤቱ ፋብሪካው በሰጠው ላይ አንድ ሁለት ባሌስትራ ስለደረበበት ነው። አይፈረድበትም። የአካባቢው አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈ መንገድም አብሮት ሲነሳና ሲወድቅ ይኖራል። በዚያ ላይ አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሱ ሲኖትራኮች ያርሱታል። ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙውን ደግሞ «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ሕዝብ የመኪኖቹን ጠባይ አይቶ ነው፤ መንገዱን ግን ምነው ሳይሰይመው ቀረ እላለሁ።

እኛ ብሎክ ሥር የሚያድር አንድ አይሱዙ አለ። ባለቤቱ ጎረቤቴ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል። ፊዚክስ ማስተማሬን ካወቁ ወዲህ በዚህች «መምህር» ውስጥ ትንሽ ፉክክር ገብታለች። የጋሼ መኪና ሲጫን ወገቡ አይጎብጥም፤ ይህ የሰፈር ዝና ነው። ባዶውን ሲሄድ ግን ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥበት ተናግሮ አይጨርስም። አንዴ ከገርጂ አብሬያቸው መጥቼ ሚስቴ «ምን ሆነህ ነው የምትንተባተበው?» ብላኛለች።

ወደ ነገሬ ልግባ። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የሚኖረው ዴንቨር ነው። ባለፈው ክረምት ደውሎ እናቱን «እማዬ፣ ቤት ገዛሁ» አላቸው። አማቴ እልል አሉ። ጎረቤት በሩን ከፍቶ ወጣ። እልልታው ጋብ ሲል የቤት ጉዳይ የገባው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቁ።

«ስንት ካሬ ላይ ነው ያረፈው?»

«መሬት የለውም እማዬ። ጎማ ነው ያለው። በመኪና ነው የሚጎተተው።»

«ካርታውስ?»

«ካርታ የለውም፤ ሊብሬ ነው ያለው።»

አማቴ ስልኩን ለልጃቸው አቀበሉና ወደ እኔ ዞረው «ልጄን አታለሉት» አሉ።

ነገሩን ለማስረዳት ብዙ ደከምን። ካምፐር ይሉታል፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ መጸዳጃ ቤትና የውሃ ታንከር ያለው፣ በፒክአፕ ኋላ የሚታሰር ተሳቢ ቤት ነው። ፈረንጅ ዓርብ ከሥራ ሲወጣ ይህን ይጎትትና ተራራ ሥር ሄዶ ያድራል፤ እሑድ ማታ ደግሞ ወደ ቆመው ቤቱ ይመለሳል። «የራሱ ቤት እያለው?» አሉ አማቴ። አዎ፣ እያለው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ዕቃ ሲያጓጉዙ ለኖሩ እናት፣ ሰው ቤቱን ለመዝናኛ ይጎትታል ብሎ ማስረዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከባድ ነገር መጎተትማ አገራችንም ታውቅበታለች፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለአፄ ምኒልክ ያስመጣውን፣ ዛሬም «የሰርኪስ ባቡር» የምንለውን የእንፋሎት መዳመጫ እኮ ሰው በገመድ እየጎተተ ነው ወደ አዲስ አበባ ያወጣው። ልዩነቱ ያኔ ማንም «ለሽርሽር ነው» አለማለቱ ነው።

ችግሩ የመጣው ልጁ ቤቱን ከፒክአፑ ጋር ካሰረ በኋላ ነው። የመኪናው ኋላ ተቀመጠ፤ አፍንጫው ተነሳ። ማታ ሲነዳ የፊት መብራቱ አስፋልቱን ትቶ የዛፍ ጫፍ ያበራል። ከፊት የሚመጣው ሹፌር ሁሉ መብራት እያብለጨለጨ ይሰድበዋል፤ መሪው ደግሞ እጁ ላይ ቀለለ። መለዋወጫ የሚሸጡት ሰዎች «ተጨማሪ ባሌስትራ እናስገባልህ» ብለውታል። እሱ ግን አማቹ የፊዚክስ መምህር መሆኑ ትዝ አለውና እኔን ጠየቀኝ።

እኔ ሰሌዳ ላይ የሁክን ሕግ እጽፋለሁ፤ ስፕሪንግ የሚለጠጠው በተጫነው ኃይል ልክ ነው፣ ከመለጠጫ ወሰኑ እስካላለፈ ድረስ። ይህን ለልጁ ብነግረው የትም አያደርሰውም። ስለዚህ እዚህ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ እዚያ ገና የዓርብ እኩለ ሌሊት ሳለ፣ የቪዲዮ ጥሪውን እንደከፈትኩ ስልኬን ይዤ ወደ ጋሼ ወረድኩ። አይሱዙው ሥር ነበሩ፤ እግራቸው ብቻ ይታያል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ከአሜሪካ ሰው ይፈልግዎታል።»

ካርቶናቸው ላይ እንደተንጋለሉ ተንሸራተው ወጡ። ልጁ ጉዳዩን አስረዳ። ጋሼ እስኪጨርስ ሰሙትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «ቤቱ ስንት ኩንታል ነው?»

ስድስት ሺህ ፓውንድ ነው አለ። እኔ አስልቼ ሃያ ሰባት ኩንታል ግድም ነው አልኩ። ጋሼ ፊታቸውን አልለወጡም፤ ያን ያህልማ ከቁርስ በፊት የሚያደርሱት ነው። ግን ጎበዝ ናቸው፤ «ሁሉም አንተ ላይ አያርፍም፤ ተሳቢው የራሱ እግር አለው» አሉት። ልክ ናቸው። ከተሳቢው ክብደት ጎታቹ መኪና ላይ፣ ያውም ማሰሪያው ጫፍ ላይ የሚያርፈው ከ10 እስከ 15 በመቶው ነው። በእኛ ሒሳብ ከሦስት እስከ አራት ኩንታል ጤፍ የኋላ በሩ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ጤፉ ካሶኒው መሃል ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልከፋ፤ ነገር ግን ያለው ከኋላ ጎማ ወዲያ፣ ጥግ ላይ ነው። እዚያ ሲጫን የኋላ ጎማው መደገፊያ ይሆንና ፊቱን ወደ ላይ ያነሳዋል። መሪው የቀለለውም፣ መብራቱ ዛፍ ላይ የወጣውም ለዚህ ነው። ጋሼ ይህን በሌላ ቋንቋ ያውቁታል፦ «ቡፌ ከኋላ በር አጠገብ ከጫንክ መሪው ይዋሽሃል።»

ከዚያ ስልኩን ተቀብለውኝ ለልጁ የራሳቸውን መኪና አስጎበኙት። እኔም ከኋላቸው አጎነበስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ያህል ጊዜ ስለ ስፕሪንግ አስተምሬ ባሌስትራን በቅርብ ስመለከት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባሌስትራ ተደራራቢ የቀስት ቅርጽ ያላቸው ብረቶች ነው። ረጅሙ፣ ጫፍና ጫፉ ተጠቅልሎ ዓይን ያለው፣ ዋናው ነው፤ ሻንሲው ላይ የሚታሰረው በእሱ ነው። ከሥሩ እያጠሩ የሚሄዱት ያግዙታል። መሃላቸውን ሰንጥቆ የሚያልፍ አንድ ቡሎን ይሰበስባቸዋል፤ ሁሉንም ከአክስሉ ጋር ቆልፈው የሚይዙት ደግሞ ዩ ቦልቶቹ ናቸው። ጭነት ሲመጣ ቀስቱ ይዘረጋል፤ ሲዘረጋ ይረዝማል፤ ለዚህ ነው አንደኛው ጫፉ ወዲያና ወዲህ በሚል ማንጠልጠያ የተያዘው። በአይሱዙው ላይ ከዋናው ድርድር በላይ ሌላ አጭር ድርድር አለ፤ ጫፎቹ ከምንም ጋር አልታሰሩም። ባዶውን ሲሄድ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጭነት በዝቶ አክስሉ ወደ ሻንሲው ሲጠጋ ጫፎቹ ከላይ የተዘጋጀላቸውን ማረፊያ ይነኩና ሥራ ይጀምራሉ።

«ረዳቱ እንደ እድር ነው» አሉ ጋሼ። «ለቅሶ ካልመጣ አይነሳም።»

ልጁ ዴንቨር ሆኖ ሳቀ። እኔ ግን ፉክክሩ ትዝ አለኝና ጥያቄ አነሳሁ፦ «ታዲያ እርስዎ የጨመሩበት ለምንድን ነው? ፋብሪካው እድሩን አቋቁሞለት የለም?»

ጋሼ ዝም ብለው አዩኝ። እሳቸው የጨመሩት ነፃ ጫፍ ያለው ረዳት አይደለም፤ ዋናው ድርድር ውስጥ የገባ ወፍራም ባሌስትራ ነው። ስለዚህ ጭነት ኖረም አልኖረም ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ ከገርጂ እስከ አራብሳ ያንተባተበኝም እሱ ነው። ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ ተመርጦ የተገዛ ነው፤ «ጃፓን ነው» ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ይላል። ሰሌዳዬን ያገኘሁት እዚህ ላይ ነበር። የባሌስትራ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው፤ ርዝመቱም ስፋቱም እኩል ሆኖ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ግትርነቱ እጥፍ አይሆንም፣ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ ወፍራሙና ቀጭኑ እኩል ሲታጠፉ ይበልጥ የሚጨነቀው ወፍራሙ ነው። ፋብሪካ አንድ ወፍራም ብረት በማስገባት ፈንታ ብዙ ቀጫጭን የሚደረድረው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። አንድ ወፍራም እንግዳ መሃላቸው ሲገባ ሌሎቹን ከመርዳቱ በፊት ራሱ ቀድሞ ይሰነጠቃል።

«ተሰንጥቆ ያውቃል?» አልኳቸው።

«አንዴ። አስበየድኩት።»

«ያዘ?»

«ሳምንት።»

ብየዳ ባሌስትራን የሚገድለው ለምን እንደሆነ ለመናገር አፌን ስከፍት ራሳቸው ቀደሙኝ። ብረቱ በእሳትና በዘይት የተገራ ነው፤ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው ያ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው ያ መገራት ቦታው ላይ ይጠፋል፤ ከብየዳው ጎን ደግሞ እንደገና ይሰበራል። የተሰበረ ባሌስትራ መኪና ላይ ዋጋ የለውም እንጂ ምናለሽ ተራ ዋጋ አለው። አንጥረኛ ያገኘው እንደሆነ ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ ማረሻ ያወጣለታል። አማቴ ሽንኩርት የሚከትፉበት ቢላዋ የአንድ ካሚዮን ወገብ ነበር። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ አሁን የሚሠራው ይበልጥ እንደተመሰገነለት እገምታለሁ።

ለልጁ የተሰጠው የጥገና ምክር ረጅም ነበር። የሚሰበረው ባሌስትራ ቢሆንም አጥፊው አብዛኛውን ጊዜ ዩ ቦልቱ ነው ይላሉ ጋሼ። እሱ ሲላላ ድርድሩ መሃሉ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ የመሃሉን ቡሎን ይቆርጠዋል፤ ያኔ አክስሉ ከቦታው ይሸሽና መኪናው ፊቱን ወደ ጎሮ አድርጎ ወደ ሰሚት ይሄዳል። አዲስ ባሌስትራ ያስገባ ሰው አሮጌውን ዩ ቦልት መልሶ አይሰር፤ አንዴ ተጠብቆ የተሳበ ቦልት እንደ ፊቱ አይዝም። አዲሱም ቢሆን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ይጠበቅ፤ ብረቶቹ ሲላመዱ መላላቱ አይቀርም። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። ከጋራዥ ወጥቶ መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም ደስ ይለዋል፤ ተመልሶ የሚሄደው ሲንቋቋ ነው።

ከዚያ ጫፎቹ ላይ ያሉት ቡሾች አሉ፤ ካረጁ ብረት ብረትን ይበላል። በብረቶቹ መካከል የዝገት ዱቄት የሚያፈስ መስመር ከታየ አንዱ እየተፋተገ ወይም ተሰንጥቆ ስለሆነ ገልጦ ማየት ነው። ቁመቱንም ባዶውን ከግራና ከቀኝ መለካት፤ ጋሼ በስንዝር ነው የሚለኩት፣ ልጁ ሜትር ቢጠቀም አልተቃወሙም። አንዱ ወገን ዝቅ ካለ የደከመው እሱ ነው፤ ሲቀየር ግን ሁለቱም ወገን ይቀየራል።

ስለ ተቃጠለ ዘይት ትንሽ ተከራከርን። ጋሼ ብዙ ሹፌሮች እንደሚያደርጉት የሞተር ቆሻሻ ዘይት በብሩሽ ባሌስትራው ላይ ይቀባሉ፤ እንዳይጮህና እንዳይዝግ። መጮሁ በእርግጥ ይቀንሳል። ሆኖም በብረቶቹ መካከል ያለው መፋተግ ራሱ ሥራ አለው፤ መኪናው ጉድጓድ ካለፈ በኋላ እንደዘለለ እንዳይቀር ያበርደዋል። ዘይቱ ደግሞ የጎማ ቡሹን ያሳብጠዋል፤ አቧራ እየሰበሰበም መሞረጃ ይሆናል። በዚህ ነጥብ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ጋሼ «የኔ ቡሽ ጎማ አይደለም፤ ብረት ነው፣ ግሪስ ነው የሚጠጣው» ብለው ዘጉት።

ዋናው ክርክር የተነሳው ልጁ «ታዲያ ባሌስትራውን ካስጨመርኩ ከዚህ የከበደ ቤት መጎተት እችላለሁ ማለት ነው?» ሲል ነው። ጋሼ «እንዴታ!» አሉ። እኔ «በፍጹም!» አልኩ። ስልኩ ውስጥ ያለው ምስኪን አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል።

ተጨማሪ ባሌስትራ ኋላውን ያነሳል፤ በዚህ አልጣላም። ፍሬኑ ግን ያው ፍሬን ነው፤ አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው ያው ናቸው። አንዳቸውም ባሌስትራ መጨመሩን አልሰሙም። አሜሪካ ውስጥ በሹፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ የመኪናው ጠቅላላ የክብደት ወሰን የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፋል፤ ባሌስትራ የጨመረ ሰው ያን ወረቀት አይቀይረውም። እኛም ጋ ሊብሬው ላይ ኩንታሉ ተጽፏል። የሚያስፈራው ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመው ነው፤ የጎበጠ መኪና ቢያንስ ተጭኛለሁ ብሎ ይናገራል። ወገቡን በብረት ያቀናንለት ግን ሃምሳ ኩንታል ተሸክሞ ሠላሳ የጫነ ይመስላል፤ ባለቤቱም ያምነዋል። መንገዱ ብቻ አይታለልም። አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ አጠገብ ለሙከራ በሠሩት መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ካሚዮን ሲያመላልሱ ያገኙት ውጤት፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚሆን ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ወደ ኮብልስቶኑ ዞር ብለው አዩና «ይሄ እኔ ሳልመጣም እንዲህ ነበር» አሉ።

ንግግራቸው ቀልድ ብቻ አልነበረም። «መምህር፣ በሊብሬው ልክ ጭኜ ሁለቴ ብመላለስ ደንበኛው ለአንድ ጉዞ ነው የሚከፍለኝ። ሁለተኛው ነዳጅ ከማን ኪስ ይወጣል?» አሉኝ። ለዚህ ሰሌዳዬ ላይ መልስ የለኝም። ዕቃውን ተሰናብቶ ወደ አራብሳ የሚመጣ ሰው ደግሞ አላየሁም። ለልጁ ግን ሁለተኛ ጉዞ የሚያስከፍለው የለም፤ እሱ ለመዝናናት ነው የሚጎትተው። ስለዚህ ወደ ሚዛን ሂድ አልኩት፤ እዚያ አገር በከባድ መኪና ማረፊያዎች ላይ ከፍሎ የሚመዘኑበት ሚዛን አለ።

ጋሼ ስልኩን ከመመለሳቸው በፊት «ቤቱ ውስጥ ምን አለ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ቆጠረ። የኤሌክትሪክ ምጣድ፤ ሚስቱ ያለሱ አትሄድም። የቡና ዕቃ ከነከሰሉ። ሽሮና በርበሬ፣ ለሁለት ሌሊት የማይሆን ብዛት። ይህ ሁሉ የተሳቢው ፊት ላይ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ከዚያ ውሃ፤ ታንከሩ አርባ ጋሎን ነው፣ ፊት ለፊት ከአልጋው ሥር፣ ሙሉ።

አርባ ጋሎን መቶ ሃምሳ ሊትር ነው፤ አንድ ኩንታል ተኩል። የጋሼ ፊት ያን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ።

«የምትሄድበት ቦታ ውሃ የለም?»

«ቧንቧ አለ።»

«በፈረቃ?»

«ኧረ ሁልጊዜ አለ፤ ጋሼ።»

እኛ ብሎክ ውሃ የመጣ ዕለት ሰው ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ይመለሳል። ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው፣ ውሃ ካለበት ወደ ውሃ ያለበት ውሃ እየጎተተ ባሌስትራ ስለሚሰብር ሰው ሲሰማ ምን እንደሚል እኔ አልጽፈውም። ጋሼ ጨዋ ናቸውና «አፍስሰው ልጄ» ብቻ አሉ።

አፈሰሰው። ሣጥኑ ውስጥ ያለውንም ወደ መሃል፣ ወደ ተሳቢው ጎማ አጠገብ አዛወረ፤ ሁሉንም ወደ ኋላ እንዳይወስደው ግን አስጠንቅቄዋለሁ፣ ማሰሪያው ላይ የሚያርፈው ሲያንስ ተሳቢው መንገድ ላይ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል። በኋላም ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎች የሚያካፍል ማሰሪያ ገዛ፤ ቀለል ያለ፣ ጭነት ሲመጣ ብቻ የሚነካ ረዳት ባሌስትራም አስገባ። ዩ ቦልቱን ደግሞ ተመልሶ ያስጠበቀው ጋሼ በየሳምንቱ በእኔ በኩል ስለጠየቁት ይመስለኛል። መብራቱ ከዛፍ ወርዶ አስፋልት ላይ አረፈ።

የሚዛኑን ወረቀትም ፎቶ አንስቶ ላከልን፤ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስል፣ ተሳቢው ለየብቻቸው ተጽፈዋል። ሁሉም ከወሰናቸው በታች ናቸው። ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቁጥር በቁጥር አዩት፤ ኪሎ ግራሙን አስነገሩኝ፤ «ጥሩ ነው፤ ልጁ ይሰማል» አሉ።

«እርስዎስ ጋሼ፣ አንድ ቀን ተጭነው አይመዘኑም? ሞጆ እኮ ሚዛን አለ።»

«አውቃለሁ» አሉ መነጽራቸውን እያጠፉ፤ «ለዚህ አይደል የአዳማ ጭነት የማልወስደው?»